መንኮራኩሯና የይማም አቤት

የበደለኝ ሰው ይማም ይባላል። የአባቱን ስም አልጽፍም፤ አባቱ ደግ ሰው ነበሩ፣ በልጃቸው ምላስ ከመቃብራቸው አይቀስቀሱ። ሐይቅ ገበያ መሀል ቆሞ "ይማም!" ብሎ የተጣራ ሰው ግማሹን ገበያ ወደ ራሱ ያዞራል፤ ስለዚህ ይህን የሚያነብ ይማም ሁሉ "እኔን ይሆን?" እያለ ቢብሰለሰል ግድ የለኝም። የእኔው ይማም ራሱን ያውቃል።

በደሉን ከመናገሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለሰው ልጅ ድምፅ የተሰጠው ለምንድን ነው? "ለመናገር" የምትሉ ተሳስታችኋል። ለመናገርማ ሹክሹክታ ይበቃ ነበር፤ ደግሞስ ከሚነገረው ግማሹ ባይነገር ምን ይጎድል ነበር? ድምፅ የተሰጠን ለመጠራራት ነው። እኔ የተወለድኩት አምባሰል ነው። አምባሰል ላይ የጎረቤት ቤት ለዓይን ቅርብ፣ ለእግር ሩቅ ነው። የአክስቴ ደጅ ከእኛ ደጅ ፊት ለፊት ነበር፤ አመድ ስትደፋ እናያታለን። ሄጄ ልጠይቃት ያልኩ እንደሆነ ግን ገደሉን ወርጄ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ሌላውን ገደል ቧጥጬ ስደርስ የሄድኩበት ጉዳይ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ስለዚህ እንጠራራለን። እጅን አፍ ላይ ቀንድ አስመስሎ፣ የስሙን ጫፍ እየጎተቱ። የአምባሰል ዜማ እንደዚያ የሚጎተተው ዘፋኙ ስላዘነ ይመስላችኋል፤ ገደል ማዶ እስኪደርስለት እየጠበቀ ነው።

ርቀት የሚለካውም በዚሁ ነበር። ጠርተህ መልሱ ቶሎ ከመጣ ሰውዬው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ከዘገየ ወንዙን ተሻግሯል፤ ከናካቴው ከቀረ ተቀይሞሃል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ትምህርት ቤት የገባሁት ኋላ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሐይቅ ከተማ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ፣ በርበሬ ነጋዴ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ያውም መሠረተ ትምህርት። ከ"ሀ" ተነሥቼ "ፐ" ላይ ስደርስ "በቃሽ" ተባልኩ። እኔ ግን አልበቃኝም። ከዚያ ወዲህ ፊደል ያለበት ነገር ሳላነበው አያልፈኝም፣ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን። በዚያ ላይ ሟቹ ባለቤቴ የተወልኝ ሬዲዮ ነበረኝ።

ከትልቁ ድርቅ ማግስት በነበረው ዓመት ነው። አንድ ቀን ያ ሬዲዮ ስለ ጅራታሙ ኮከብ ያወራል። የወዳጅ አገር ሰዎች ሰው የማይሳፈርባት መንኮራኩር ወደ ኮከቡ ልከዋል፤ መንኮራኩሯ በዓይን ከማይታይ ርቀት ላይ ብትሆንም ከመሬት በሚላክላት የሬዲዮ ጥሪ መንገዷን ሳትስት ትሄዳለች ይላል። በርበሬ እየቀነጠስኩ ነበር፤ እጄ ቆመ። ጥሪ! የአምባሰል ነገር ሰማይ ወጥቶ አረፈው!

ይህንን በሆዴ ይዤው ብቀር ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ባልኖረኝ። ግን ሆድ የተሰጠኝ ለምግብ እንጂ ለወሬ አይደለም።

በዚያ ዘመን ስብሰባ ነበር። ስብሰባ ያልነበረበትን ቀን አስታውሱ ብትሉኝ ይቸግረኛል። መሠረተ ትምህርት የጨረስን ሴቶች ከሬዲዮ የሰማነውን ለሰፊው ሕዝብ እንድናካፍል ታዘዝን። ከእኔ በፊት የተነሣችው ስለ ማዳበሪያ ተናገረች፤ ተጨበጨበላት። እኔ ተነሣሁና ሰማይ ላይ ያለችን መንኮራኩር ሰዎች ከመሬት እየተጣሩ እንደሚመሯት ተናገርኩ። ይማም የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ስለነበር መድረኩ ላይ ተሰይሟል። በዚያው ቀን በስብሰባው መክፈቻ ላይ ጂኒ፣ ቡዳና ዛር የበዝባዦች ፈጠራ ስለሆኑ ከእንግዲህ የሉም ብሎ አስወስኖ ነበር። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፤ ጂኒ በሙሉ ድምፅ ከሐይቅ ከተማ ተባረረ። እንግዲህ ጂኒ ያባረረ ሰው እኔን ይፈራል?

"ዘሀራ" አለኝ፣ ማይኩን አፉ ውስጥ ሊከተው እየቃጣው፣ "እኔ ታንኳዬን በጩኸት የምነዳት ብሆን ይሄን ሁሉ ዘመን መቅዘፊያ ምን አሸከመኝ? ሚስቴን ዳር አቁሜ አስጮሃት ነበራ!"

"ሚስትህማ ቤት ውስጥ ስትጮህ መች ሰምተሃት ታውቃለህ" አልኩት።

ሕዝቡ ሳቀ። ግን ማይክ የያዘ ሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይስቃል። "በሉ ጓዶች" አለ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እህታችን ሰማይ ጠሪ ተብላለች።" ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ትንሽ ነገር ይመስላችኋል። ስም የወጣለት ሰው ያውቃታል። በነጋታው ገበያ ስቀመጥ "ሰማይ ጠሪ፣ ዝናብ ጥሪልን!" ይሉኛል። ደንበኞቼ በርበሬዬን በእጃቸው እያፈሱ "ይሄ ከጨረቃ የመጣ ነው ወይስ ከማረቆ?" ይላሉ። ቀብር ላይ ድንኳን ውስጥ ስገባ እንኳ ጥግ ይዘው የሚኮረኳኮሩ አሉ። ስም ማውጣት የአባትና የእናት ነው፤ ይማም አባቴም እናቴም አይደለም። በሽማግሌ ከሰስኩት። ክረምቱ ገባና ነገሩ ሲንከባለል ከርሞ ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ሐሙስ ለሐሙስ ቀጠሩን።

እስከዚያ ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ግቢዬ ካለችው ትንሽ ቤት መምህር ታደሰ የሚባል የመንዝ ልጅ ተከራይቶ ነበር፤ ሳይንስ ያስተምራል። በተሳቀብኝ ማግስት በሩን አንኳኳሁ። ነገሩን ሰምቶታል፤ ያልሰማ አልነበረም።

"እትዬ፣ ልክ ነዎት እኮ" አለኝ።

"ልክ መሆኔንማ አውቃለሁ። እንዴት ልክ እንደሆንኩ ነው የምትነግረኝ።"

አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ነገረኝ። ሰዎቹ ትልቅ ሰፌድ የመሰለ ብረት ወደ ሰማይ ያዞሩና መንኮራኩሯን ይጠሯታል። ጥሪው የጉሮሮ ድምፅ አይደለም፤ ሬዲዮ ነው፣ እንደ ብርሃን ይበርራል። እንደዚያም በርሮ መንገዱ ከመርዘሙ የተነሣ ጥሪው ደርሶ መልሱ እስኪመጣ አንድ ድስት ሽሮ ይበስላል። ያንን ቆይታ ነው የሚለኩት፤ ከቆይታው ርቀቷን ያውቃሉ። ደግሞ ከመልሱ ቅጥነት መምጣቷንና መሄዷን ይለያሉ፤ ከውጫሌ የሚወርድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥንና ካለፈን በኋላ እንደሚወፍረው ማለት ነው። መኪናውን ስንት ዘመን ሰማሁት፤ አንድም ቀን ይህን ልብ አላልኩም ነበር። የት በኩል እንዳለች ሲፈልጉ ደግሞ አንድ ጆሮ አይበቃቸውም፤ ሌላ አገር ላይ ሌላ ሰፌድ ያቆማሉ። ሁለቱ ሰፌዶች የሚያመለክቱበት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ እሷ አለች።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይህ ነው። መንኮራኩሯ ጥሪ ሲደርሳት ወዲያው አትመልስም፤ ለቅጽበት ታመነታለች። ሰዎቹ ይህችን ማመንታቷን ገና ከመሬት ሳትነሣ ለክተው አውቀውባታል፤ ከቆይታው ላይ ይቀንሷታል። ካልቀነሱ ካለችበት አርቀው ያስቀምጧታል። "አመሏን አውቀው ነዋ የላኳት!" አልኩት። "አዎ እትዬ፣ አመሏን አውቀው ነው" አለኝ። ከዚህ በላይ ጥበብ አለ እንዴ? ሰው ልጁን ሲድር እንኳ የአማቿን አመል አጣርቶ አይልካትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብለን ሸለቆ ዳር መለማመድ ጀመርን። እሱ ማዶ ይቆምና መንኮራኩር ይሆናል። እኔ ወዲህ ሆኜ እጠራዋለሁ፤ መልሱ እስኪመጣ የዱአ መቁጠሪያዬን ፍሬ በጣቴ አሳልፋለሁ። ቅርብ ሲቆም ፍሬዋ ሳታልፍ መልሱ ይደርሳል፤ ሲርቅ ፍሬው ይበዛል። መጀመሪያ ላይ ሰው ያየኛል ብሎ አንገቱን ቀብሮ "አቤት" ይላል።

"አንተ ልጅ!" ብዬ ጮህኩበት፣ "መንኮራኩር ታፍራለች እንዴ?"

መንገደኞች እያለፉ "ሰማይ ጠሪዋ መምህሩንም አሳበደችው" ይሉ ነበር። ይበሉ። ለይማም ደህና መልስ እያዘጋጀሁ ነው። ሽማግሌ ፊት ሁሉንም አንድ በአንድ ልዘረዝርለት ነው። ቁጭት ያላስተማረውን ሰው ማንም አያስተምረውም።

ረቡዕ ሆነ፤ ነገ ሐሙስ ነው። መምህር ታደሰ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አገሩ ሄዷል። አስር ሰግጄ ከመቀመጤ ጉሙ ከአምባሰል በኩል ወረደና ሐይቁን እንደ ጋቢ ሸፈነው። ዳር ዳሩ ይታያል፤ ውኃው ላይ ግን እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። ከድጃ፣ የይማም ሚስት፣ ነጠላዋን እየጎተተች ግቢዬ ገባች።

"ዘሀራ፣ ይማም አልወጣም! ከጠዋት መረቡን ላነሣ ብሎ እንደገባ ነው። ታንኳው አሮጌ ነው፣ ወላሂ አሮጌ ነው!"

የእኛ አገር ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ ደንገል ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ከጠዋት ውኃ ላይ የዋለ አሮጌ ታንኳ ወደ ማታ ጠጥቶ ጠጥቶ ሰክሮ ይተኛል። ይማም አዲስ ሊያሳስር ስንት ጊዜ አስቦ ስብሰባ ሲመራ አለፈው። አሁን የቀረው ታንኳው እስኪሰክር ያለው ጊዜ ነው። ዋና ቢችልስ፣ በዚያ ጉም ወዴት ይዋኛል?

ከድጃን ይዤ ሮጥኩ። ደስ ይለኛል ብላችሁ የጠበቃችሁ ካላችሁ እግዜር ይይላችሁ። በድርቁ ስንት ደጅ ቆመን ስም ጠርተን፣ ዝም ተባልን። ከእኔ ሰፈር ብቻ የጠራኋቸውና ያልመለሱልኝ ሰዎች ስም ሲመጣብኝ አሁንም በርበሬ የነካውን እጄን ዓይኔ ላይ አደርጋለሁ፣ ሰው ሲያየኝ እንዳመካኝበት። ይማም ባለጋራዬ ነው፤ ግን ከተረፍነው አንዱ ነው። ያን ጊዜ ባለጋራ እንኳ የሚባክን አልነበረም።

ዳር ስንደርስ ሰው ሁሉ ይጮሃል። "ይማም! ኧረ ይማም! ይማም ሆይ!" ሁሉም በየአፉ ይጠራል፤ ተራራው ደግሞ ጥሪውን ይቀበልና መልሶ ይጥለዋል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከጉሙ ውስጥ ቀጭን "አቤ…ት" ይመጣል። መኮንን የሚባል ጎበዝ ዓሣ አስጋሪ አለ፤ የማኅበሩን የእንጨት ጀልባ ውኃ ላይ አውርዶ መቅዘፊያውን ጨብጧል።

"መሀል ገብቷል እትዬ" አለኝ። "ድምፁ እስኪመለስ ስንት ቆየ! ወደ መሀል ልቅዘፍ።"

ያለን ጀልባ ያው አንድ ነው። ወደ መሀል ሄዶ ይማምን ካጣው፣ በጉሙ ተደናብሮ እስኪመለስ ታንኳው ያልቅለታል። እኔም መቁጠሪያዬን አውጥቼ ነበር፤ ፍሬው እውነትም ይበዛል፤ በእኔ ቆጠራ ይማም ሐይቁን አልፎ ማዶ ተራራው ላይ ወጥቷል። ይህማ ሊሆን አይችልም። ቆይ፣ አልኩ። አመሉስ?

የእኛን አገር ሰው አመል ታውቃላችሁ። የማታየው ሰው ስምህን ሲጠራህ በመጀመሪያው አቤት አይባልም፤ በሁለተኛውም አይባልም። ጂኒ የሚጠራው ሁለቴ ነው፤ ሦስተኛውን አይችልም። ሦስተኛው ጥሪ የሰው ነው፤ ለእሱ ይመለሳል። ይህንን ከጡት ጋር ነው የጠጣነው። ይማምም ጠጥቶታል። ዳር ያለው ሰው ግን ሁሉም በየድምፁ አንድ አንድ ጊዜ እየጠራው፣ እሱ እዚያ ሆኖ "ይሄ የከድጃ አንድ፣ ይሄ የመኮንን አንድ…" እያለ ሲቆጥር፣ እኛ ደግሞ ቆይታውን ርቀት ነው ብለን መሀል ሐይቅ እያስቀመጥነው ነው!

"ዝም በሉ!" አልኩ። ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ይህች ምላሴ ያኔም ትከበር ነበር። ብቻዬን ሦስቴ ልጠራው አሰብኩና ተውኩት። ለሦስተኛው ይመልስ፣ ወይ የሁለተኛው መልስ ዘግይቶ ይምጣ፣ በምን አውቃለሁ? የሚያስፈልገኝ ይማም ሳያመነታ የሚመልሰው ጥሪ ነው። ጂኒ የማይጠራው ዓይነት። አሰብኩ። ጂኒ ስም ያውቃል፤ ገመና ግን አያውቅም።

እጄን አፌ ላይ ቀንድ አደረግሁና በአምባሰል ጉሮሮዬ ለቀቅሁት፦

"አንተ የአማትህን አውራ ዶሮ ሰርቀህ በልተህ በሸለምጥማጥ ያመካኘህ!"

ፍሬዋ ከጣቴ በወጉ ሳታልፍ መጣ፦

"ውሸት ነው! ሸለምጥማጥ ነው የበላው!"

ከድጃ ደረቷን ደልቃ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ግማሽ ለቅሶ፣ ግማሽ ሳቅ። "አለ! አለ! እዚሁ ነው ያለው!" ትላለች። ዳሩ ሁሉ ተንጫጫ። እንዲህ ያለው ስድብ እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም፤ አማች በአማቱ ፊት ቀና ብሎ እንኳ አይጎርስም፣ እንኳንስ ዶሮዋን ሊሰርቅ። ግን ይማም አለ፣ ቅርብ ነው ያለው፤ መኮንን መሀል ሐይቅ ሊፈልገው የነበረው ሰውዬ አፍንጫችን ሥር ነው።

"ከድጃ፣ ተነሺ" አልኳት። "እዚያ ዳር ካለው ሾላ ጋ ሂጂና ድምፁ በሚመጣበት በኩል እጅሽን ዘርግተሽ ቁሚ። እንዳታወርጂ።" እኔ ከጀልባው ዳር ቆምኩና እጄን ዘረጋሁ። ሁለት ሰፌድ ሆንን። ይማምን ደግሞ ማናገር አለብኝ፤ ዝም ካለ እጃችን የሚያመለክተው የለውም።

"ሸለምጥማጥ ከሆነ የበላው፣ ላባውን ማን ቀበረው?"

"ነፋስ ነው!"

"ነፋስ ጉድጓድ ይቆፍራል?"

"የጠላት ወሬ ነው! አንቺ ምላሰኛ፣ ወጥቼ አገኝሻለሁ!"

"እሱንማ ውጣና ነው!"

እንዲህ እየተባባልን መልሱ በመጣ ቁጥር ከድጃ እጇን ታቀናለች፣ እኔም አቀናለሁ። ድምፁ ሲቀጥንና ሲወፍር ለመለየት ሞከርኩ፤ እሱን ግን አልቻልኩበትም። ይማም የውጫሌ መኪና አይደለም፤ ያን ያህል አይፈጥንም። ያንን ለባለ ሰፌዶቹ ትቼላቸዋለሁ። መኮንን የእኔን እጅና የከድጃን እጅ በዓይኑ እየተከተለ መንገዱ የሚገናኝበትን አየና "ከሸንበቆው ጀርባ ካለው ድንጋይ ዘንድ ነው!" ብሎ ቀዘፈ። ጉሙ ዋጠው። እኛ ዱአ ያዝን፤ አጠገቤ የነበሩት እናት "እመቤቴ ግሸን ማርያም" ይላሉ፣ እኔ "ያ ረቢ" እላለሁ፤ የቱ ቀድሞ እንደተሰማ እኔ አላውቅም። ከዚያ የመኮንን ድምፅ መጣ፦ "ይዤዋለሁ!"

ይማም ሲወጣ እስከ ወገቡ ርሶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር። ታንኳው ከሥሩ ሰምጦ ተንበርክኮበት ነው የተገኘው። ከድጃ በጋቢ ጠቀለለችው። ሰው ሁሉ "እንኳን አወጣህ" ሲለው እሱ ዞር ዞር ብሎ ሁላችንንም አየንና አፉን ከፈተ።

"ሸለምጥማጥ ነው" አለ።

ጠጋ ብዬ፣ "ለምን ስንጠራህ ወዲያው አቤት አላልክም?" አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጂኒ ቢሆንስ?"

"ጂኒን በእጅ ማውጣት አባረኸው የለ?"

"ከከተማው ነዋ ያባረርነው" አለኝ። "ሐይቁ ላይ ማን ድምፅ ሰጠ?"

ይህን ሰምቼ ልስቅ ስል ጋቢውን አጥብቆ፣ እንደ ሊቀመንበር ጉሮሮውን ጠረገ። "ነገ ሽማግሌ ፊት እንገናኛለን፣ ዘሀራ። ሰማይ ጠሪ ማለት ሌባ እንደማለት አይደለም። አንቺ በሕዝብ ፊት የአማቴን ዶሮ ሰረቅህ ብለሽኛል። እኔም ከስሼሻለሁ።"

እስቲ ፍረዱ። ይህን ሁሉ ክረምት ከሳሽ ነበርኩ፤ ሰውዬውን ከውኃ አውጥቼ ተከሳሽ ሆኜ ልገባ ነው። ቤቴ ገብቼ ልናደድ ሞከርኩ። ሞከርኩ እንጂ አልሆነልኝም። ከፊቴ ድቅን የሚለው ውኃ የሚያንጠባጥበው ሰውዬ ነው፤ ቆሞ፣ እያወራ፣ እየዋሸ፣ እየከሰሰኝ። ስንቱን ጠርተን ዝም ተብለን፣ ይሄኛው መልስ አላጣም። አልሐምዱሊላህ። የሚከሰኝ ሰው ስላልነሣኝ አልሐምዱሊላህ።

ምስጋና ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው። መምህር ታደሰን አመሰግናለሁ፤ የተከበረ መምህር ሆኖ ሸለቆ ማዶ ቆሞ ለአንዲት በርበሬ ነጋዴ አቤት ብሏል። እነዚያን ሰፌዱን ወደ ሰማይ ያዞሩትን ሰዎችም አመሰግናለሁ፤ መንኮራኩራቸውን ወደ ኮከብ ሲመሩ ሐይቅ ላይ ይማም የሚባል ሰው እንደሚያወጡ አላወቁም፤ ማን ይነግራቸዋል? ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ፣ ሳልወድ በግዴ፣ ይማምን አመሰግናለሁ። ያኔ ባይስቅብኝ ኖሮ የሬዲዮውን ወሬ እንደ ወሬ ሰምቼ እረሳው ነበር፤ መምህሩን አላንኳኳም፤ ስለ አመል አልሰማም። ሰውዬው እኔን አዋርዶ ራሱን አዳነ። አላህ ሲያወጣ በምን መንገድ እንደሚያወጣ አይታወቅም።

ሆኖም ምስጋና ሌላ፣ ክስ ሌላ። የሰደብኩት እውነት ነው፤ ምስክሬም ዳር የቆመው ሕዝብ ሁሉ ነው። አስቤ አስቤ አንድ መውጫ አገኘሁ፦ ዶሮው ከተመለሰ ስድቡ ምን ላይ ይቆማል? ደግሞስ ከሞት ለተረፈ ሰው ሰደቃ አይወጣም እንዴ?

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ፣ ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት፣ ከቆጤ ላይ አውራ ዶሮዬን አውርጄ በነጠላዬ ሥር ሸጉጬ ወደ ይማም አማት ወደ እሜቴ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። አሮጊቷ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተዋል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ እንደደረሰ ከዓይናቸው ያስታውቃል።

"ምንድን ነው የያዝሽው?" አሉኝ።

"አውራ ዶሮ ነው፣ እሜቴ። ሸለምጥማጡ መልሷል።"

ዶሮውን ተቀበሉኝ። እግሩን ይዘው አንጠለጠሉት፤ ደረቱን ዳሰሱት፤ ክንፉን ገልጠው አዩት። እንደ በርበሬ ደንበኛ አገላብጠው ሲያበቁ ወደ እኔ ቀና አሉ።

"ያኛው ይከብድ ነበር" አሉ።

ወደ ቤቴ ተመለስኩና ሴቷን ዶሮዬንም አመጣሁላቸው።